«ምህረት ወጣ» ሲሏችሁ፣ ለማን? በሉ

እህቶቼ፣ ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው ልወቅስ አይደለም። ቮይሱን ካስተላለፉት አንዷ እኔ ነኝ።

በፈረንጆች 2025 ሜይ ወር ላይ ነው። «ምህረት ወጥቷል፣ ሁሩብ ያለባችሁ ሁሉ ኢቃማ ታገኛላችሁ» የሚል ቮይስ በዋትሳፕ መጣልኝ። ቲክቶክ ላይም ሰማሁት። ዓርብ ባጥሐ ስወጣ ምግብ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። አሥር ሰው ያለው እንዴት ውሸት ይሆናል ብዬ ለማውቃቸው ሁሉ ላክሁት። ለካ አሥራችንም የሰማነው ያንኑ አንድ ቮይስ ኖሯል።

የሚገርመው ወሬው ጨርሶ ውሸት አልነበረም። የሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ሜይ 11 ቀን ለቤት ሠራተኞች የ6 ወር ጊዜ ሰጥቷል። ግን የሚመለከተው ከዚያ ቀን በፊት ሁሩብ የተደረገባትን ነበር፤ እሷም አዲስ አሠሪ አግኝታ፣ አሠሪው በሙሳነድ ሲያዛውራት ነበር። ቮይሱ ላይ ቀኑም የለ፣ አሠሪውም የለ። አንዲት እህታችን እሱን ሰምታ ከመዳሟ ቤት ወጣች። ሁሩብ የተደረገባት ከሜይ 11 በኋላ ስለሆነ ምህረቱ እሷን አልነካትም። ኢቃማ ነበራት እኮ!

ቃሉ ራሱ ያሳስታል። በፈረንጆች 2017 የ90 ቀን ምህረት ሲታወጅ ነገሩ ያለ ቅጣትና ያለ አሻራ እገዳ አገር መግባት ነበር፣ እዚህ መቆየት አይደለም። የ2025ቱ ደግሞ አሠሪ መቀየር ነበር። እኛ ሁለቱንም «ምህረት» አልናቸው።

አሁን ቮይስ ሲመጣልኝ፣ ለማን ነው? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ማን አወጣው? እላለሁ። ከዚያ «ጽሑፉን ላኪልኝ» እላታለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ጽሑፉ ከመጣ አረብኛ ለምታነብ ልጅ አሳያለሁ፤ እኔ አሥረኛ ክፍል ብጨርስም አረብኛው ላይ ፊደል አልቆጠርኩም።

«እስክታጣሪ ዕድሉ ያመልጥሻል» የሚሉኝ አሉ። 6 ወር የተሰጠ ነገር አንድ ዓርብ ብንጠብቅ አያመልጥም። ዛሬውኑ ካልሆነ ብሎ የሚያዋክበን አብዛኛውን ጊዜ ብር የሚቀበለው ደላላ ነው።

ልጅቱን ባለፈው አገኘኋት። «ላንቺ ብዬ ነበር የላክሁት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።