ሁለቱን ትታችሁ ኑ

«ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ፖለቲካ አታስገቡበት» የሚል አነጋገር በየመኝታ ክፍሉም በየሻይ ቤቱም እንሰማለን። እንዲህ የሚሉት ጓደኞቻችን ክፉዎች አይደሉም፤ ኳሳቸውን በሰላም ማየት የፈለጉ ናቸው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ለመሆኑ ፖለቲካውን መጀመሪያ ወደ ሜዳ ያስገባው ማነው? ኳስ ይዞ የሚሮጠው ልጅ ነው ወይስ በሩ ላይ ቆሞ የቆዳ ቀለም የሚቆጥረው?

እስቲ የ1951ን (እ.ኤ.አ.) የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንመልከት። የኢየሱሳውያን ካህናት ትምህርት ቤት ነው፤ ትንሽና ገንዘብ የሌለው። ቡድኑ የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ነው (እግር ኳስ ይሉታል እንጂ አብዛኛው በእጅ ነው፤ ይሁንላቸው)። አሰልጣኙ ጆ ኩሃሪች ይባላል። በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ገጥመው ዘጠኙንም አሸነፉ። ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ፎርድሃምን 32 ለ 26 ረቱ፤ ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክን 47 ለ 14 ድባቅ መቱት።

ሰዎቹም ሰዎች ነበሩ። ጂኖ ማርኬቲ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መትረየስ ይዞ የተዋጋ ነው። ቦብ ሴንት ክሌር ሁለት ሜትር ያለፈ ግንድ ሲሆን ጥሬ ሥጋ ይበላ ስለነበር አገሩ ሁሉ እንደ ጉድ ያወራለታል። እኛ ዘንድ ቢመጣ ማን ዞሮ ያየው ነበር! የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች የሚያሰራጨው ወጣት ፒት ሮዜል ደግሞ ኋላ ከ1960 እስከ 1989 የአገሪቱ የፕሮፌሽናል ሊግ አለቃ ሆኗል። ከሁሉ በላይ ግን ኦሊ ማትሰን ነበር። በዚያ ወቅት 1,566 ያርድ ኳስ ይዞ በመሮጥ ከአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ ወጣ። በፎርድሃሙ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከራሱ ጫፍ ተነስቶ ሜዳውን ሙሉ ሰንጥቆ አስቆጥሯል። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ግን ለፕሪንስተኑ ዲክ ካዝማየር ተሰጠ። ማትሰን በድምፅ ቆጠራው ዘጠነኛ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ? ማትሰን ጥቁር ነው። መከላከሉ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመው በርል ቶለርም ጥቁር ነው።

ወቅቱ ሲያልቅ ምርጥ ቡድኖች በአዲስ ዓመት ሰሞን ለሚደረጉት ታላላቅ ግጥሚያዎች ይጠራሉ። ጥሪው ክብር ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ነው፤ ዕዳ ለተጫነው ለዚህ ቡድን ደግሞ ነፍስ ነው። ተጫዋቾቹ በኋላ ዘመን ደጋግመው እንደመሰከሩት ከደቡብ የመጣው መልእክት ባጭሩ ይህ ነበር፦ ኑ፣ ሁለቱን ጥቁሮች ግን ትታችሁ ኑ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው «ጨዋታ ጨዋታ ነው» ባዮች ሂሳብ የሚጀምሩት። ሁለት ሰው ቢቀር ምን ይጎዳል? የቀሩት ይጫወታሉ፣ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያገኛል፣ ሁለቱም ቢሆኑ ገብቷቸው ይታገሣሉ፤ ለብዙኃኑ ጥቅም ሲባል! ይህን ሂሳብ እናውቀዋለን። ሁልጊዜ የሚቀነሰው ሌላ ሰው ነው፤ ደማሪው ራሱን ቀንሶ አያውቅም። ደግሞስ የሚቀረው ማን መሆኑን ልብ በሉ። ቤቱን የሠራውን አናጢ ከምረቃው ግብዣ አስቀርታችሁ ኑ እንደማለት ነው።

ልጆቹ እምቢ አሉ። የመብት ታጋዮች አልነበሩም፣ መግለጫ አላወጡም፣ ሰልፍ አልወጡም። አብረው የበሉ፣ አብረው ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ስለነበሩ ብቻ ጓደኞቻችንን ትተን አንሄድም አሉ፤ አለቀ። ግጥሚያው ቀረባቸው። ዩኒቨርሲቲውም ከዚያ ወቅት በኋላ ወጪውን አልቻልኩም ብሎ ቡድኑን ዘጋው። እውነት ነው፣ በዚያን ሰሞን የካሊፎርኒያ ካቶሊክ ኮሌጆች ሁሉ በዚሁ ሕመም ይሠቃዩ ነበር፤ ሴንት ሜሪስ ቀድሞ ዘግቷል፣ ሎዮላና ሳንታ ክላራም ተከትለው ዘግተዋል። ቢሆንም አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ማፍረስ ይከብዳል። እምቢታቸው ወዲያው ተክሷል እያለ ተረት የሚያሳምርልን ካለ አንቀበለውም። አልተካሰም።

«አንድ የግብዣ ወረቀት ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ያው 1951 ነው፤ ጥቅምት 20 ቀን፣ ስቲልዋተር ኦክላሆማ። የድሬክ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተጫዋች ጆኒ ብራይት ኳሱን ለሌላ ሰጥቶ ባዶ እጁን ቆሞ ሳለ የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ተጫዋች ዊልባንክስ ስሚዝ በክርኑ መንጋጋውን ሰበረው። ብራይት መንጋጋው ተሰብሮም ኳስ ወርውሮ አስቆጥሯል። ሁለት የጋዜጣ ሰዎች፣ ጆን ሮቢንሰንና ዶን አልታንግ፣ ሁሉንም በተከታታይ ፎቶግራፍ አንስተውት በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኙበት። የክልሉ ሊግ ግን ፎቶው ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ማንንም አልቀጣም፤ ድሬክ ተናዶ ከሊጉ ወጣ። የኦክላሆማው ዩኒቨርሲቲ ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ብራይት የሞተው በ1983 ነው። ሂሳብ ለሚወዱ ጓደኞቻችን፦ ሃያ ሁለት ዓመት።

ይቅርታና ሜዳልያ ለምን እንደዚህ ቀርፋፋ እንደሚሆን እኛ አይገባንም። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲም በሕይወት ለተረፉት የቡድኑ አባላት የክብር ዶክትሬት የሰጠው በ2006 ነው፣ በሃምሳ አምስተኛው ዓመት። ሰዎቹ እስከዚያ ድረስ አልጠበቁትም። ማትሰን በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ሄዶ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር ይዞ ተመለሰ። በደቡብ አንዲት ቦታ የተነፈገውን ይህን ሰው ለማግኘት ሎስ አንጀለስ ራምስ በ1959 ዘጠኝ ሰው አሳልፎ ሰጥቷል! ማርኬቲ፣ ሴንት ክሌርና ማትሰን ሦስቱም ስማቸው ከፕሮፌሽናል እግር ኳስ ታላላቆች መዝገብ ገባ። ቶለር ጉልበቱን ተጎድቶ ተጫዋችነቱ ቀረበት፤ መምህር፣ ከዚያም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ፤ በ1965 ደግሞ በዚያ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ። «ትታችሁት ኑ» የተባለው ሰው ፊሽካ ይዞ መሐል ሜዳ ቆመ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብዙ ዘመን በጄምስ ፌላን ስም የሚጠራ የተማሪዎች መኖሪያ ነበር። ፌላን የከተማይቱ ከንቲባ፣ ኋላም ሴናተር የነበረ ሰው ሲሆን በ1920 ምርጫ ሲወዳደር መፈክሩ ካሊፎርኒያ የነጮች ሆና ትቅር የሚል ነበር። በ2017 ያ ስም ወርዶ የቶለር ስም ተሰቀለ። ይነሣ ብለው የወተወቱት እዚያው ሕንጻ ውስጥ የሚያድሩት፣ የሚያጠኑት፣ እንደኛው በምግብ ወረፋ የሚጋፉት ተማሪዎች ናቸው።