ስምንት ሺህ ዓመት የነገሠ ቤት

«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ያየ ሰው ስታርኮችን አይረሳቸውም። በሰሜኑ ብርድ ዊንተርፌል በሚባል ግንብ የሚኖሩ፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ ቃላቸውን በማክበራቸውም አንገታቸውን የሚቀሉ ሰዎች ናቸው። በደራሲው በጆርጅ አር. አር. ማርቲን ዓለም በሚነገረው ታሪክ መሠረት፣ ይህ ቤት ግንቡን ካቆመው ከብራንደን ጀምሮ ለስምንት ሺህ ዓመት ያህል ከስፍራው አልተነቀለም። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 ሲተላለፍ ተመልካቹ ዘንዶ ሲበርና ሙት ሲነሣ አይቶ አልተከራከረም። ስምንት ሺህ ዓመቱንም በዚያው ዐይን አሳለፈው። ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው ግን ከዘንዶው ይልቅ ለማመን የሚከብደው ይህ ቁጥር ነው።

ይህን ለማሳየት ከፍተኛ ሒሳብ አያስፈልግም። ማካፈልና ማባዛት ይበቃሉ።

መጀመሪያ ማካፈሉ። አንድ ንጉሥ በአማካይ ስንት ዓመት ይነግሣል? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ይዞ ከሠሩበት ሰዎች አንዱ አይዛክ ኒውተን ነው። አዎ፣ የስበት ሕጉ ኒውተን። የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት በጥንታዊ ዘመን ቆጠራ ላይ ሲደክም አሳልፎ፣ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1728 ነበር። ያላማረው ነገር የግሪክና የሌሎች ጥንታዊ ሕዝቦች የነገሥታት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ለአንዱ ንጉሥ ሠላሳ፣ ለሌላው አርባ ዓመት እያደሉ ታሪካቸውን ወደ ኋላ ለጥጠውታል ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ ዘመናቸው በደንብ የታወቀ ነገሥታትን ሰብስቦ ማካፈል ያዘ። ከሰሎሞን በኋላ የነገሡት 18 የይሁዳ ነገሥታት 390 ዓመት ቆዩ፤ ለአንዱ 22 ዓመት ግድም ይደርሰዋል። 15 የእስራኤል ነገሥታት 259 ዓመት፤ ለአንዱ 17 ዓመት ከሩብ። ከድል አድራጊው ዊልያም ጀምሮ ያሉት 30 የእንግሊዝ ነገሥታት 648 ዓመት፤ ለአንዱ 21 ዓመት ተኩል። 63 የፈረንሳይ ነገሥታት 1224 ዓመት፤ ለአንዱ 19 ዓመት ተኩል። ከዚህ ተነሥቶ አንድ ንጉሥ በአማካይ ከ18 እስከ 20 ዓመት ይነግሣል አለ። ሠላሳና አርባ የትውልድ ዕድሜ እንጂ የንግሥና ዕድሜ አይደለም፤ ምክንያቱም ዙፋን ሁልጊዜ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም። ወንድም ወንድሙን ይተካል፣ አጎት የወንድሙን ልጅ ይገለብጣል፣ ጦርነት ደግሞ የማንንም ዕድሜ አይጠብቅም።

ኒውተን በዚህ መለኪያ ያወጣቸው ብዙዎቹ ዘመናት ዛሬ ተቀባይነት የላቸውም። ጥርጣሬው ግን ትክክል ነበር።

ወደ ስታርኮች እንመለስ። 8000 ለ20 ሲካፈል 400 ነው። አራት መቶ ጊዜ አንዱ ሞቶ ሌላው ተተክቷል ማለት ነው። ማባዛቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ርክክብ አደጋ አለው፤ ወራሽ ላይወለድ ይችላል፤ ተወልዶ በፈንጣጣ ሊሞት ይችላል፤ አድጎ ደግሞ የእንጀራ አባቱ መርዝ ሊያጠጣው ይችላል። ከመቶ ርክክብ 95ቱ በሰላም ያልፋል እንበል፤ ይህ ለማንኛውም የመካከለኛ ዘመን ቤት ጥሩ ግምት ነው። ሁለት ርክክብ በተከታታይ የማለፍ ዕድል 0.95 በ0.95 ሲባዛ ነው፤ ከመቶ 90 ግድም። ሦስተኛው ሲጨመር 86 ግድም ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሲወርድ ሲወርድ 14ኛው ርክክብ ላይ ከግማሽ በታች ይደርሳል። 400ኛው ላይ ከ800 ሚሊዮን አንድ ነው። ለጋስ ሆኖ ከመቶ 98ቱ ያልፋል ያለ ሰውም የሚያገኘው ከአሥር ሺህ ሦስት ብቻ ነው። አንድ ዕድለኛ ቤት መቼም አይጠፋም የሚል ሊኖር ይችላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን በማርቲን ዓለም ሺህ ዓመታትን የሚቆጥረው ቤት ስታርክ ብቻ አይደለም። ላኒስተሮች አሉ፣ ዴይኖች አሉ፣ ሌሎችም አሉ። ሁሉም ሎተሪ የወጣላቸው ናቸው።

ማርቲን ግን ሒሳቡ የጠፋው ሰው አይመስልም። «ኤ ፊስት ፎር ክሮውስ» በተባለው አራተኛ መጽሐፉ፣ መጽሐፍ አገላባጩ ሳምዌል ለጆን ስኖው የሚነግረው ነገር አለ። ጆን የግንቡ ዘብ 998ኛ አዛዥ ነው ይባላል፤ ሳምዌል ግን ካገኛቸው ዝርዝሮች በጣም ጥንታዊው የያዘው 674 አዛዦችን ብቻ ነው። የጥንቱ ታሪክ የተጻፈው ነገሩ ከሆነ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑንም ይጠቅስለታል። ደራሲው ስምንት ሺህ ዓመቱን የሚያስወራው ባለታሪኮቹን ነው፤ ራሱ ዋስ አልሆነለትም።

ዋስ የሆነለትን ዘመን ማየት ከተፈለገ ታርጋሪያኖች አሉ። ዘንዶ ጋላቢዎቹ ከድል አድራጊው ኤገን እስከ እብዱ ንጉሥ 17 ነገሥታት አቁመው 283 ዓመት ገዙ። ሲካፈል 16 ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል፤ ከኒውተን መለኪያ ትንሽ ዝቅ ያለ፤ እርስ በርሱ ለሚተላለቅ ቤት የሚገባ ነው። አሥራ ስድስት ርክክብ በ95 መቶኛ ሲሰላ የመቆየት ዕድሉ ከመቶ 44 ነው። ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ይበልጥ የሚያሳምነው ደግሞ መዘበራረቁ ነው። ቀዳማዊ ጄሄሪስ 55 ዓመት ሲነግሥ ዳግማዊ ቪሴሪስ አንድ ዓመት ግድም ብቻ ነው የቆየው። እውነተኛ ነገሥታትም እንዲህ ናቸው። አንዱ በልጅነቱ ዘውድ ጭኖ ሽማግሌ ሆኖ ይሞታል፤ ሌላው የቅብዐ ንግሡ ድግስ ሳይነሣ ይቀበራል።

ቶልኪን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ አድርጓል። በ«የቀለበቶቹ ጌታ» መጨረሻ ባስቀመጠው አባሪ፣ የጎንደር እንደራሴዎች (ስሙ ከእኛው ጎንደር ጋር መመሳሰሉ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኛል) 26 ሆነው 969 ዓመት ገዝተዋል። ለአንዱ 37 ዓመት ይደርሰዋል። በኒውተን መለኪያ ይህ ወድቋል፤ ቶልኪን ግን ሕዝቡ ከሌላው ሰው ረዘም ያለ ዕድሜ የተሰጠው ዘር ነው ብሎ አስቀድሞ ጽፏል። ልብ ወለዱ የራሱን ሕግ አክብሯል፤ ከልብ ወለድ ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

አንድ ክርክር ግን አልተቋጨም። ሥርወ መንግሥት እንደ ሰው ያረጃል ወይስ አያረጅም? ኢብን ኻልዱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያረጃል አለ። የመጀመሪያው ትውልድ ይታገላል፣ ሁለተኛው ያየውን ይዞ ይቆያል፣ ሦስተኛው በምቾት ይረሳል፤ ሦስት ትውልድ በአርባ ዓመት ሲባዛ 120 ዓመት ነው። ውብ ሐሳብ ነው፤ ለስብከትም ይመቻል። ከላይ የተሠራው ማባዛት ግን እርጅና የሚባል ነገር አያውቅም። አሥረኛው ርክክብ እንደ መጀመሪያው አደገኛ ነው፤ ቤቱ ሦስት መቶ ዓመት ስለቆየ ነገ የመውደቅ ዕድሉ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሳሙኤል አርቤስማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት 41 ጥንታዊ ግዛቶችን ወስዶ ዕድሜያቸውን ሲደረድር ያገኘው ይህንኑ ነው። አማካዩ 220 ዓመት ግድም ሆኖ፣ ስርጭቱ ዕድሜ የማይቆጥር አደጋን የሚመስል ነበር። ረጅም ዘመን መቆየት ለነገ ዋስትና አይሆንም ማለት ነው፤ ቤተ መንግሥቶች ግን ሁልጊዜ ዋስትና አድርገው ያቀርቡታል።

ይህ ሁሉ ለድራማ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ያው እርሳስ ለእውነተኞቹ ዝርዝሮችም ይሠራል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ዝርዝሩ የሕግ አንቀጽ ሆኖ ያውቃል። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ገብቶ በ1948ቱ የተደገመው ድንጋጌ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጀምሮ ሳይቋረጥ የወረደ ነው ይላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም 225ኛው ንጉሥ ይባሉ ነበር። 2900 ዓመት ለ225 ሲካፈል 13 ዓመት ግድም ነው። የኒውተንን ፈተና በደንብ ያልፋል! አማካይ ብቻውን አታላይ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ንጉሥ በበዛ ቁጥር አማካዩ ይወርዳልና። ማባዛቱ ግን አይታለልም። ለ224 ርክክብ በ98 መቶኛ ሲሰላ ያለመቋረጥ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው፤ በ95 መቶኛ ከመቶ ሺህ አንድ። ደግሞስ ትውፊቱ ራሱ ዮዲትንና ዛጔዎችን እያነሣ ተቋርጦ ነበር አይደል የሚለው?

የዛጔዎቹ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ለእንግሊዛዊው ጸሐፊ ለቻርልስ ሬይ በሰጡትና ሬይ በመጽሐፉ ባሳተመው ዝርዝር፣ 11 የዛጔ ነገሥታት 333 ዓመት ገዝተዋል። መራ ተክለ ሃይማኖት 13 ዓመት። ከዚያ ጠጠውድም 40፣ ጃን ሥዩም 40፣ ግርማ ሥዩም 40፣ ይምርሐነ ክርስቶስ 40፣ ቅዱስ ሐርቤ 40፣ ላሊበላ 40፣ ነአኩቶ ለአብ 40። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ 17፣ 15 እና 8። አማካዩ 30 ዓመት አለፈ፤ ኒውተን ቢያየው ገና በመጀመሪያው መስመር እርሳሱን ያነሣ ነበር። በ20 ዓመት አማካይ አንድ ንጉሥ ልክ በ40ኛ ዓመቱ የመሞት ዕድሉ ከመቶ አንድ አይሞላም። ሰባት በተከታታይ ሲባል ካልኩሌተሩ ከነጥቡ በኋላ ከአሥር የሚበልጡ ዜሮዎች ይደረድራል። ዳዊት 40 ዓመት ነገሠ፤ ሰሎሞንም 40 ዓመት። ይህን ዝርዝር የጻፈው ሰው ቀን እየቆጠረ አልነበረም፤ መንግሥታቸው የተባረከ ነበር እያለ ነው። ሌላው ትውፊት ለዚያው ሥርወ መንግሥት 133 ዓመት ብቻ ይሰጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ ሁለት መቶ መሆኑም አጋጣሚ አይመስልም።

ከዚህ አጠገብ የጎንደርን መጨረሻ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሥታት ተቀመጡበት፤ ኢዮአስ ተገደሉ፣ ሽማግሌው ዮሐንስ ወራት ቆይተው ሞቱ፣ ተክለ ሃይማኖት ተተኩ። «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠዋል። አንድ ንጉሥ ተብለው ይቆጠሩ ወይስ ስድስት? ለዝርዝር አዘጋጅ ራስ ምታት ነው፤ ለታሪክ አንባቢ ግን እምነት የሚጣልበት መረጃ እንዲህ ያለው ነው። የተቆረጠ፣ የተጣመመ፣ ለማንም ክብር ያልተስተካከለ።

በማኅበራዊ ሚዲያ «ሦስት ሺህ ዓመት» እና «መቶ ዓመት» እየተባባሉ የሚወራወሩት ወገኖች ይህን ሒሳብ ቢያዩት አንዱም ደስ አይለውም። ሦስት ሺህ የሚለው ወገን የአንድን ቤት የዘር ሐረግ የአገር ዕድሜ አድርጎ ይዞታል። መቶ የሚለው ደግሞ ሐረጉ ተረት ከሆነ አገሩም ተረት ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም የተጣበቁት በዚያው ዝርዝር ላይ ነው። አክሱም ግን ዝርዝሩን አትጠብቅም፤ በሳንቲሞቿ ላይ የተቀረጹትን እንደ እንዱቢስና አፊላስ ያሉ ነገሥታት ትውፊታዊዎቹ ዝርዝሮች በአብዛኛው አያውቋቸውም፤ ሳንቲሙ ግን አለ። የላሊበላ ዐለትም ንጉሡ 40 ዓመት ገዛ 25 አይፈርስም። ከይኩኖ አምላክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1974 ያለው 704 ዓመት እንኳ ብቻውን ሲወሰድ ትልቅ ነገር ነው፤ 35 ርክክብ በ95 መቶኛ ሲሰላ የመቆየት ዕድሉ ከስድስት አንድ ብቻ ነው። ለዚያውም ቴዎድሮስን አልፎ፣ ዮሐንስን በሴት ወገን ቆጥሮ፣ ትንሽ ዐይን ጨፍኖ ነው።

ሳይቋረጥ የሚለው ቃል በ1948 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ በድጋሚ ታተመ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። መካከሉ 19 ዓመት አይሞላም፤ በኒውተን መለኪያ አንድ ንግሥና ነው።