ቅጻችንን ማን ይሙላልን?

«ኮምፒዩተሩ ያውቀዋል፣ እሱ ራሱ ይሞላዋል» የሚል አነጋገር በየቦታው እየተለመደ መጥቷል። አዲስ ገቢ ወገናችን የቢቱዋሕ ለኡሚ ቅጽ ለመሙላት እርዳታ ሲጠይቅ፣ የሚረዳው ሰው አንድ ፊደል እንደነካ ማሽኑ ስም፣ አድራሻና ስልክ ደርድሮ ያቀርባል። ጊዜ ይቆጥባል ይባላል። እኛ ግን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ይህን አሠራር እንቃወማለን።

ለመሆኑ የሚቀርበው የማን መረጃ ነው? ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ የተጻፈውን ያስቀምጣል እንጂ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው መቀመጡን አያውቅም። ጠዋት አንዲት እናት ዘጠኝ አሃዝ ያለውን የቴውዳት ዜሁት ቁጥሯን ብትጽፍ፣ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ሰው ቁጥሯ ተዘርግቶ ሊጠብቀው ይችላል። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሌላ ሰፈር ቤት የተከራየች ሴትስ? እኛ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞች አዲሱን አድራሻዋን በፋይል ቆልፈን እናስቀምጣለን። ባልየው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ አድራሻው ከፊቱ ብቅ ካለ ቁልፉ ምን ጠቀመ? ሐዳርም ሆነ ኔቬ ዳቪድ ሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር ነው።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። ስማችን በሌላ እጅ ሲሞላ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ ለገቡት ብዙ ልጆች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ የስንቱ የልደት ቀን በግምት ተጻፈ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ሲገባ ማን ተረጋግቶ ይጠየቅ ነበር? ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጹር ይስራኤል ዘመቻ የገቡት ቤተሰቦችም ስማቸው በአሌፍ ይሁን በዓይን እንደሚጻፍ ገና እየለዩ ነው የመጡት። ማሽኑ አንዴ የተሳሳተ ፊደል ከያዘ በየቅጹ ያንኑ ይደግማል። ስሙ ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ሲል ደግሞ የሚመላለሰው ሰውየው ነው።

«ታዲያ ሕዝቡ ኮምፒዩተር ይማር» የሚሉን አሉ። ይማር! ኡልፓን ያልጨረሰ ሰው ግን በዕብራይስጥ የተጻፈ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ይዝጋ ማለት ቀልድ ነው። ኮምፒዩተሩን ለሕዝብ ያቀረበ ድርጅት ራሱ ይዝጋው። ሀግዳሮት በሚለው ገጽ ሚሉይ ኦቶማቲ የሚለውን ፈልጎ ማጥፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቀድሞ የተከማቸውን ለመሰረዝ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት አብሮ መጫን፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን ዘመን መርጦ የቅጽ መሙያ መረጃ በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። በስውር መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ አዲስ የተጻፈውን ባያስቀምጥም የቆየውን ሊያሳይ ይችላልና።

ወላጆች፣ የሚሞላላችሁ ልጃችሁም ቢሆን ሽሊኻ የሚለውን ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ቁጥሩን ከመታወቂያችሁ ጋር አስተያዩ። ስትነሱም «የጻፍኩት ይሰረዝልኝ» በሉ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በራስ ስልክ ላይ ነገሩ ይለያል፤ ስልኩ የሚቆለፍ ከሆነ ስምና አድራሻ ቢቀመጥ ብዙም አንከራከርም። የባንክ ካርድ ቁጥር ግን፣ ልጆች የሚጫወቱበት ስልክ ከሆነ፣ እዚያም ባይቀመጥ እንመርጣለን።