የተጠቃሚ አካውንትና የተማሪ መዝገብ፦ የትኛው በየትኛው ይደገፍ?

ጃንጎን በመሰለ የድረ ገጽ ማዕቀፍ የተማሪዎች መረጃ ሥርዓት የሚገነባ ሰው አስቀድሞ ከሚወስናቸው ጉዳዮች አንዱ የተጠቃሚው አካውንት ከፕሮፋይሉ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ነው። የተለመደው አሠራር ፕሮፋይሉን ከአካውንቱ ጋር አንድ ለአንድ አያይዞ፣ አካውንቱ ሲሰረዝ ፕሮፋይሉም አብሮ እንዲሰረዝ "ካስኬድ" ብሎ መጻፍ ነው። ይህ አሠራር ለተማሪ መዝገብ አይበጅም የሚል አቋም አለኝ።

አካውንት የመግቢያ ቁልፍ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ ይጠፋል፣ ይለወጣል። በትግራይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል፤ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ መማር ማስተማርም ቆሞ ነበር። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ የሚመለስ ተማሪ የተመዘገበበት ስልክ ወይም ኢሜይል በእጁ ላይኖር ይችላል፤ ያጠናቀቃቸው ኮርሶች ግን የእርሱ ናቸው። የቦዘኑ አካውንቶች ሲጸዱ ውጤቱም አብሮ ቢጠፋ፣ ጥፋቱ የመዝጋቢው ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ በሞዴሉ ውስጥ ተጽፏል።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። የጃንጎ ነባር የተጠቃሚ ሞዴል የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም የሚሞሉባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ አሉት። እኛ ግን የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። በ"መጨረሻ ስም" ቦታ አንዱ መዝጋቢ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ቢጽፍ አንድ ተማሪ ሁለት ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ ቁጥር ይህን ሁሉ ይፈታል የሚሉ አሉ። ቁጥሩ የተመለሰውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ በእርግጥ ይረዳል። ሆኖም በፕሮፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ከአካውንቱ ጋር አብሮ የሚሰረዝ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተማሪው ሞዴል የራሱ መለያ ቁጥርና ሦስት የስም ቦታዎች ኖረውት ለብቻው ይቁም። ከአካውንቱ ጋር ያለው ትስስር ባዶ መሆን የሚችል ይሁን፤ አካውንቱ ሲሰረዝ ትስስሩ ብቻ እንዲላቀቅ "ሰት ነል" ተብሎ ይጻፍ። ያን ጊዜ ተማሪው አዲስ አካውንት ሲከፈትለት ከነባር መዝገቡ ጋር ማያያዝ ብቻ ይበቃል። የጃንጎ መመሪያም አካውንትን ከመሰረዝ ይልቅ ማቦዘንን ይመክራል።

ካስኬድ የግል መረጃን ሙሉ በሙሉ ለማስወገድ ይረዳል የሚለው መከራከሪያ ለመገበያያ ድረ ገጽ ይሠራል። የትምህርት ማስረጃን መጠበቅ ግን የተቋሙ ግዴታ ነው፤ መሰረዝ ካለበትም በታሰበበት ውሳኔ እንጂ በአንድ ቃል መዘዝ ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.0 ስሪት ጀምሮ ጃንጎ ይህን ምርጫ ገንቢው በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ቀድሞ ካልተጻፈ ካስኬድ ነበር። እንግዲህ ምርጫው የእኛ ነው፤ የመመረቂያ ሥራዎቻችንን የሚገመግሙ መምህራንም ይህችን አንዲት መስመር ለምን እንደጻፍናት ሊጠይቁን ይገባል።