የደዋዩ ቁጥር የት ጠፋ?

ስልክ ሲጮኽ ጆሯችን ድምፁን ከመስማቱ በፊት ዐይናችን ስክሪኑን ያያል። በከተማችን በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞች፣ ድምፅን በኢንተርኔት በሚያስተላልፍ መስመር የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ግን ከሚያሰሟቸው ቅሬታዎች አንዱ የዚሁ ቁጥር ነገር ነው፤ አንዳንዴ «ያልታወቀ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ አንዳንዴም ከውጭ የደወለው ሰው ቀርቶ የራሳቸው የእንግዳ መቀበያ ቁጥር ይታያል። የተለመደው መልስ «ኔትወርኩ ነው» የሚል ሲሆን፣ የተለመደው መድኃኒት ደግሞ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ከዘጌ የሚደውል የጀልባ ሠራተኛ «ማዕበል ተነሥቷል፤ እንግዶቹ…» ብሎ ሳይጨርስ መስመሩ ቢቋረጥ፣ በባሕር ዳር ያለው የጉዞ ቢሮ መልሶ ሊያገኘው የሚችልበት ክር ያ ቁጥር ነው። ለሐኪም ቤትማ ምን ያህል እንደሚያሳስብ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

በእኛ አመለካከት የደዋይ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መልእክት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ቁጥሩ ለምን ጠፋ?» ሳይሆን «በማን እጅ ላይ ጠፋ?» የሚለው ነው።

በኢንተርኔት መስመር ላይ ሲፕ የተባለው ደንብ ጥሪውን የሚጀምረው በሚነበብ ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ደዋዩ ራሱን የሚያስተዋውቅበት መስክ አለ፤ አገልግሎት ሰጪው «ደዋዩ ይህ ነው» ብሎ የሚመሰክርበት ሌላ መስክም ሊጨመር ይችላል። አገልግሎት ሰጪው ቁጥሩን በአንዱ መስክ ሲልክ የመሥሪያ ቤቱ የስልክ ማዞሪያ ሌላውን የሚያነብ ከሆነ፣ ቁጥሩ ደርሶም አይታይም። እንግዳ ተቀባይዋ ጥሪውን ወደ ውስጥ መስመር ስታስተላልፍም፣ ማዞሪያው እንዲያስተካክል ካልታዘዘ በደዋዩ ቁጥር ፈንታ የእርሷን ያሳያል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አሮጌው ማዞሪያ ሳይጣል በመቀየሪያ ሣጥን አማካይነት ከኢንተርኔቱ ጋር ይገናኛል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ወደ ድምፅ ምልክት ይለወጣል። በሰፊው በሚሠራበት ዘዴ ቁጥሩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደወል መካከል፣ በሴኮንድ 1,200 ቢት ፍጥነት ይላካል። ማዞሪያው በመጀመሪያው ደወል ቸኩሎ ካነሣ ቁጥሩን ሳይቀበል ይቀራል። በሌሎች አገሮች ቁጥሩ የሚላከው በስልክ ቁልፎች ድምፅ ስለሆነ፣ ሣጥኑ በአንዱ ዘዴ ሲናገር ማዞሪያው ሌላውን ከጠበቀ አይግባቡም።

የቁጥሩ አጻጻፍም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ በአገር ውስጥ በ058 ይጀምራል፤ በዓለም አቀፍ አጻጻፍ ግን ዜሮው ወድቆ +251 58 ይሆናል። በ09 የሚጀምር ሞባይል ዜሮው ወድቆ በ9 ጀምሮ ደረሰ እንበል። መሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ ለመደወል 9ን የሚጠቀም ከሆነ፣ ሠራተኛው መልሶ ሲደውል ማዞሪያው ያንን 9 የውጭ መስመር መጠየቂያ አድርጎ ይወስደውና ስምንት አኃዝ ብቻ ይልካል። ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ እየታየ ጥሪው አይደርስም።

መፍትሔው በሳይንስ ክፍላችን የምንማረው ነው፤ መንገዱን ከመካከሉ ቆርጦ መመልከት። የሚመጣውን መልእክት ማዞሪያው ደጃፍ ላይ በዋየርሻርክ ወይም በማዞሪያው የራሱ መዝገብ እናንብብ። ቁጥሩ እዚያ ከሌለ ጥያቄው ለአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ካለ ግን ጥፋቱ በእኛው ግቢ ነው። ከዚያም ቀሪውን መንገድ እንደገና ለሁለት እንክፈል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ የለወጥነውንም እንመዝግብ።

ይሁንና ቁጥሩ ታየ ማለት እውነት ተገኘ ማለት አይደለም። ከአሜሪካ የሚደውል ወንድም ጥሪ በአገር ውስጥ የሞባይል ቁጥር ሲመጣ ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይህ የሚሆነው ጥሪው ሲም ካርዶች በታጨቁበት ሣጥን አልፎ ሕጋዊውን የዓለም አቀፍ መግቢያ ሲሸሽ ነው፤ የሚታየውም የሣጥኑ ሲም ካርድ ቁጥር ነው። አገራችን በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761ን ያወጣችው እንዲህ ያለውን ድርጊት ለመግታት ጭምር ነው። በአሜሪካም ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ከ2021 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በኢንተርኔት መስመሮቻቸው በሚሄዱ ጥሪዎች ላይ፣ የደዋዩን ቁጥር የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ እንዲያኖሩ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። እንዲህ ያለ ማረጋገጫ በሌለበት፣ ባንክ ነኝ ብሎ የምሥጢር ቁጥር ለሚጠይቅ ደዋይ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ምስክር ሊሆነው አይገባም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን የምንመክረው ይህን ነው፦ የቁጥሩ መጥፋትም ሆነ መገኘት የመጨረሻው ቃል አይሁንላችሁ። ቁጥሩ ሲጠፋ በማን እጅ እንደጠፋ፣ ሲታይም በማን እጅ እንደተጻፈ ጠይቁ። በየመሥሪያ ቤቱ «ኔትወርኩ ነው» በሚባልበት ቦታ አንድ ወጣት መልእክቱን ከፍቶ ቢያነብ፣ ከዘጌ የደወለው ሰው መልስ ያገኛል።