ከማያምኑ ሽማግሌዎች ጋር አንድ ስኒ ቡና

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ፥ ከሦስት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ ቡና መጠጣት ልማዴ ነው። ሦስቱም ሰባ ዓመት የረገጡ ጡረተኞች ናቸው። አንደኛው መምህር፥ ሁለተኛው የእርሻ ባለሙያ፥ ሦስተኛው የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ለመጽሔት የሚበቃ ወሬ አልነበረም፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በመርጡለ ማርያም ከተማ፥ የደብሩን ደወል ማለዳ ማለዳ እየሰሙ፥ እግዚአብሔር አለ ብለው አያምኑም።

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ መንገድ ላይ አቁሞኝ፥ «መምህር፥ ከከሃዲዎች ጋር ቡና ይጠጣሉ ይባላል፤ ምንድን ነው የምትነጋገሩት?» ሲል ጠየቀኝ። ወሬው ከእናቴ ጆሮ መድረሱንም ስለማውቅ፥ መልሱን በዚህ ዓምድ ለሁሉም ልስጥ።

በመጀመሪያ የምንነጋገረው ስለ ጉልበት ሕመም ነው። ቀጥሎ የጤፍ ዋጋ ይነሣል። ከዚያ የጡረታ ደመወዝና የልጅ ልጆች ነገር ይመጣል። የክህደት ትምህርት ለመስማት የመጣ ሰው ቢኖር አዝኖ ይመለሳል።

አንባቢ ሆይ፥ ሰዎቹ እንዴት እዚህ እንደ ደረሱ መጠየቅህ አይቀርም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ፥ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር እንዲዘምቱ ተደረገ። ሁለቱ ወዳጆቼ ከዘማቾቹ መካከል ነበሩ፤ ማርክስንና ሌኒንን ያነበቡትም በዚያ ዘመን ነው። ጸሐፊውን ግን መጽሐፍ አላስካዳቸውም። በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ታስሮ ሳለ ሌሊት ሌሊት ይጸልዩ ነበር፤ ወንድማቸው ተገደለ፤ ጸሎቱም በዚያው ቀረ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙ ጓዶቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ እነዚህ ሦስቱ አልተመለሱም።

የሚያስቀኝ ነገር ግን አለ። በአማርኛ ያለ እግዚአብሔር ሰላምታ መለዋወጥ እንዴት ይቻላል? «እንደምን ሰነበቱ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ልቅሶ ቤት ገብተው «እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ። የእርሻው ባለሙያ ካርታ ሲጫወቱ ተሸንፈው ሲናደዱ «ማርያምን አጭበርብረሃል!» ብለው ይምላሉ። ዓርብና ረቡዕም ይጾማሉ፤ ሚስቶቻቸው ሌላ ወጥ አይሠሩላቸውምና።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሣቅ አይደለም። ጸሐፊው ዘንድሮ ታመዋል። ባለቤታቸው የንስሐ አባት እንዲይዙ ይለምኗቸዋል፤ የንስሐ አባት ሳይዝ የሞተ ሰው ፍትሐቱ ያጠያይቃል፥ መቃብሩም ያለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ቀረና ክርክር ተጀመረ። መምህሩ፥ «ለሚስትህ ስትል ያዝ፤ ምን ይጎዳሃል?» አሉ። የእርሻው ባለሙያ፥ «ዕድሜውን ሙሉ ያልዋሸ ሰው በመጨረሻው ለምን ይዋሽ?» ሲሉ መለሱ። ኋላም ሁሉም ወደ እኔ ዞረው፥ «አንተ አማኝ ነህ፤ እስቲ ፍረድ» አሉኝ።

እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ልፍረድ? ትዝ ያለኝ ታሪክ ብቻ ነበር። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ባሠሩባት በዚህችው አገር፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ካህናት ገንብተውባታል። ንጉሡ ሕዝቡን በግድ ሃይማኖት ሊያስለውጡ ሲሞክሩ ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የተባለው መጽሐፍ ደራሲም በዚያ ስደት ዋሻ ገብቶ ብቻውን እንዳሰላሰለ ይተርካል። መጽሐፉን በእርግጥ የጻፈው እርሱ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት የተገኘበት ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው በማለት ሊቃውንት ይከራከራሉ። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ለሁሉ ሰጥቷል፤ ነገር ግን አንቀጽ 27 ሬሳ አይሸከምም፤ የሚሸከመው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ፥ «እትዬን ጠይቃችኋቸዋል?» አልሁ። ዝም አሉ። ሦስት የተማሩ ሰዎች ስለ አንዲት ሴት እንባ ሲከራከሩ፥ እርሳቸው በዚያው ቤት ተቀምጠው ቡና ይቀዱ ነበር። ሁለተኛውን ቀድተው ሲያበቁ፥ «እርሳቸው እንዲዋሹ መች ፈለግሁ? ቄሱ መጥተው አብረዋቸው ቡና ይጠጡ ነው ያልሁት። ሰው የማያውቀውን ሰው እንዴት ይቀብራል?» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቄሱ መጡ። ስለ ንስሐም ስለ ማርክስም አልተነሣም። የቄሱም ጉልበት ይታመማል ኖሯል፤ ጨዋታው እስከ በረካው ድረስ በዚያው አለቀ። ሲነሡ ጸሐፊው፥ «ሳምንትም ይምጡ» አሏቸው፤ ቄሱም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብለው ሄዱ። የነገሩ መጨረሻ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም፤ ጸሐፊውም አልነገሩኝም።

እንግዲህ ተማሪዬ ሆይ፥ የምንነጋገረው ይህን ነው። ከሃዲ ማለት አደራ የሚበላ ሰው ከሆነ፥ የእድር መዋጮ አንድ ወር አስተጓጉለው የማያውቁትን እነዚህን ሽማግሌዎች በዚያ ስም ለመጥራት አልደፍርም። እኔ ለራሴ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ቡና እጠጣለሁ። እናቴም ይህን ካነበቡ በኋላ አንድ ኪሎ ቡና እንደሚልኩልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።