ዓርብ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። የቸኮለ ሰው ላይክ አድርጎ ይለፈኝ፣ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ግምገማችን ደርሷል። ከአጀንዳዎቹ አንዱ የተማሪዎች ክበባት ጉዳይ ነው። ዓርብ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ የክበብ ሰዓት ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ «ለጊዜው» ተብሎ ለቲቶሪያል ተሰጠ። አሁን ያ «ለጊዜው» በ2018 ቋሚ ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቷል። እኔ አልስማማም። ግን መጀመሪያ የሌላውን ወገን ሐቅ ልናገር፣ ምክንያቱም ሐቅ አላቸው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት እንደ አገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ትንሽ ተሻሽሎ 5.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች በዜና መስማትና መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብሎ መስማት አንድ አይደለም። እዚያ የምታስቡት በስም የምታውቋቸውን ልጆች ነው። አንድ የሂሳብ መምህር ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ «ልጁ ክፍልፋይ መደመር ሳይችል ግጥም ምን ያደርግለታል?» ሲል መልስ አልነበረኝም። ይሄ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ የሚያስተምር ሰው ነው። በስንፍና የሚናገር ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር።

ሌላም ሐቅ አላቸው። አብዛኛው ክበባችን የወረቀት ክበብ ነው። መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊው ስም ዝርዝር ይዞ ይገባል፣ «አንተ ቀይ መስቀል፣ አንቺ አካባቢ ጥበቃ፣ እናንተ ኋላ ያላችሁት ፀረ-ሙስና» እያለ ያድላል። ልጆቹ የት እንደተመደቡ ጥቅምት ላይ ብትጠይቋቸው አያስታውሱም። አስራ አራት ክበብ አለን። እንደው ከልባችን እንነጋገር ካልን አራቱ ናቸው የሚተነፍሱት። ኅዳርን ብቻ ውሰዱ። በ22 የኤድስ ቀን፣ በ29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ በ30 የፀረ-ሙስና ቀን። ሦስቱም ቀን ሰልፍ ላይ ያቺው ጎበዝ ልጅ ወጥታ ከአምና የተገለበጠ መልእክት ታነባለች፣ ባነሩ ላይ ዓመቱ ብቻ በወረቀት ተለጥፎ ይቀየራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ሪፖርት ላይ ይገባል፣ አለቀ። እኔ ራሴ ስንቱን ሪፖርት እንደዚያ አዘጋጅቻለሁ። «ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚለውን ሐረግ የጻፍኩበትን ብዛት ፈጣሪ ይቁጠረው። ማን ላይ እንደተፈጠረ ግን አላውቅም።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ልክ ከሆነ ለምን እከራከራለሁ?

ዘንድሮ በሚኒ ሚዲያ ያየሁትን ልንገራችሁ። (የበፊት ተማሪዎቼ፣ ክፍሏ ያው ናት፣ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለችው። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።) መስከረም ላይ አምፕሊፋየሩ ሞቶ ነበር የተቀበልነው። ለጥገና በጀት የለም ተባልን። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነበረ፣ በእኔም ክፍል ይማራል፣ በፈተና ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ ጥያቄ ስትጠይቁት አንገቱን የሚደፋ። «ቲቸር፣ ልክፈተው?» አለኝ። ክፈተው አልኩት፣ ያው የሞተ ነገር ምን ይሆናል ብዬ። ሁለት ቀን ፈጀበት። የተቃጠለችውን ዕቃ ከአሮጌ ቴፕ አውጥቶ ቀየራት፣ የተበጠሰውን ሽቦ በየደው፣ ማይኩን በፕላስተር ጠቀለለው። በዕረፍት ሰዓት ሆርኑ ሲጮህ ግቢው በሙሉ አጨበጨበ። ልጁ ደረጃ ተማሪ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም፣ አልሆነም። ፊዚክስ ክፍል ግን ስለ ከረንት ሲነሳ እጁን ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በፊት እጁን አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኔ የሚያኮራ አይደለም። ጥር መጨረሻ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለሚኒ ሚዲያ ዘገባ ጻፈች። ርዕሷ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። ሄዳ ቆጥራለች፤ ከአራቱ በሮች የሚዘጋው አንዱ ብቻ ነው፣ ውሃ የለም፣ በዚህ ምክንያት በወር አበባቸው ሰሞን ቤታቸው የሚቀሩ ጓደኞቿን ስም ሳትጠራ አናግራለች። ስድብ የለበትም፣ ማንንም አይወቅስም። አምስት ደቂቃ የማትሞላ ንባብ ነች። አነበበችው። ግቢው ጸጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ማን ፈቀደ፣ እንግዳ ቢኖር ኖሮስ፣ የትምህርት ቤቱ ገጽታስ? ሚኒ ሚዲያው ለሁለት ሳምንት ተዘጋ።

እኔ ምን አደረግሁ? ለልጅቷ አልቆምኩም። «ሁለተኛ ከማንበብሽ በፊት ጽሑፉን አሳዪኝ» አልኳት። እሺ ቲቸር ብላ ወጣች። በዓመት በዓሉ ላይ መልእክት ስታነብ ብትሰናከል ኖሮ አበረታታት ነበር። እውነት ስታነብ ግን እኔ ነኝ የተሰናከልኩት። የካቲት ላይ ሦስት በሮች ተገጠሙ። ማንም «በዘገባው ምክንያት ነው» አላለም። ሴቶቹ ተማሪዎች ግን ያውቁታል።

ባልደረባዬ ላነሳው ጥያቄ ዛሬ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሳል። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አንድ ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድ ገጽ የራሱን ሐሳብ ሳይጽፍ፣ በሰው ፊት ቆሞ አንድ ነገር ሳያስረዳ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። እኛ መምህራንም 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ድርሰት ሰጥተን ማረም አቅቶን ወደ ምርጫ ተሰደናል። አልፈርድም፣ እኔም ያው ነኝ። ታዲያ ልጁ ሄዶ ማየትን፣ መቁጠርን፣ መጠየቅን፣ ጽፎ ማስደመጥን የት ይማር? ያቺ ልጅ በአንድ ዘገባ የሠራችውን እኔ በዓመት ክፍል ውስጥ አላስተማርኳትም።

ደግሞ ሒሳቡን እንሥራው። ዓርብ 40 ደቂቃ ነው። በዓመት 30 ሳምንት ቢያዝ 20 ሰዓት ይሆናል። በዚህች 20 ሰዓት ነው ክፍልፋይ የሚስተካከለው? ክፍልፋዩ እኮ የቀረው 4ኛና 5ኛ ክፍል ላይ ነው። ከመጋቢት ወዲህ የዓርቡን ቲቶሪያል አይተነዋል። እኔ የምገባበት ክፍል 58 ተማሪ አለ፣ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግማሹም አይገኝም ነበር። ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆሞ፣ ልጆቹ በአጥር። በክበብ ጊዜ ግን የሚኒ ሚዲያና የስነ-ጽሑፍ ልጆችን «በሩ ሊዘጋ ነው፣ ውጡ» ብለን ነበር የምናስወጣቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚኒ ሚዲያው በተዘጋ ሰሞን ልጆቹ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ። ስለ ትምህርት ቤቱ ያወሩበታል። መምህራንን ይሳደቡበታል፣ እርስ በርስ ይሰዳደቡበታል፣ የሚያርም የለም፣ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» የሚል የለም። ማይክ ስንነጥቃቸው ዝም ይላሉ ብለን ከሆነ ተሸውደናል።

እኔ ራሴ የክበብ ልጅ ነኝ። በ1990ዎቹ የፀረ-ኤድስ ክበብ ድራማ ላይ የሰካራም አባት ሆኜ ስተውን ነበር፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ታስታውሱኝ ይሆናል። ያኔ ክበብ የሚሞቀው አንድም ከድርጅቶች በሚመጣ ገንዘብ፣ አንድም ጉዳዩ ቤታችን ድረስ ስለገባ ነበር። ገንዘቡ ሄደ። ጉዳይ ግን መች ጠፋ? የመጸዳጃ ቤት በር ጉዳይ አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ግምገማው ላይ የማቀርበው ይሄ ነው። አስራ አራቱ ይቅሩ፣ አምስት ይበቁናል። ተማሪው ይምረጥ፣ ያልፈለገ ዓርብ ቲቶሪያል ይግባ፣ ማንም በስም ዝርዝር አይታደል። የባነርና የፎቶ ሪፖርት ይቅር፤ በምትኩ ክበቡ በሴሚስተር አንድ የሠራውን ነገር ለተማሪው ያሳይ። ለክበብ ተጠሪ መምህራን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስላቸው፣ ካልሆነ ሥራው እንደገና ወረቀት ይሆናል። የሂሳብ ባልደረባዬን ደግሞ ለብቻው አነጋግሬዋለሁ፣ የሂሳብ ክበብ በራሱ መንገድ እንዲመራ። «የእንቆቅልሽ ከሆነ ይታያል» ብሎኛል። ከእሱ አፍ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጋቢት ላይ ድምፅ ሲሰጥ እኔ ድምፀ ተዓቅቦ ነበርኩ። ይሄን የማታውቁ ካላችሁ ከእኔ ስሙት።

ግምገማው የፊታችን ሐሙስ ነው። የበፊት ተማሪዎቼ፣ ክበብ ውስጥ የነበራችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፦ ምን ሠራችሁ፣ ዛሬ ላይ ምን ቀረላችሁ? ምንም ካልቀረላችሁም እንደዚያው ጻፉ፣ አንብቤው ነው የምገባው። ያቺ የ11ኛ ክፍል ልጅ ጽሑፎቼን እንደምታነብ አውቃለሁ። ይቅርታ ልጄ። በአካልም እነግርሻለሁ።

ደግሞ አምፕሊፋየሩ በግንቦት ዝናብ እንደገና ተበላሽቷል። ልጁ የሚያስፈልገውን ዕቃ ዝርዝር ጽፎ ሰጥቶኛል። መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ተራ የምትሠሩ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ዝርዝሩን እልክላችኋለሁ።